ሚስማር ይበቃል ለተባለው፤ ስለ ቅርጽ ኮንክሪት ፎርም አያያዝ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ በአናጺውም በግንበኛውም ስልክ የዞረ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ቅርጽ ስላላቸው ስላቦች (ጠፍጣፋ የኮንክሪት ሥራዎች) ፎርምወርክ ወይም ፎርም፣ ማለትም ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ስለሚይዘው የጣውላ ቅርጽ ነው፤ ክብ የሴፕቲክ ታንክ ክዳን፣ ጫፉ የዞረ የበረንዳ ደረጃ፣ የኤል ቅርጽ ያለው የኩሽና መደብ፣ ግቢ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሄድ መተላለፊያ። ጸሐፊው ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው፦ ክላምፕ (ጣውላን ጨብጦ የሚያጠብቅ ብረት) የገንዘብ ብክነት ነው፣ ሚስማር ይበቃል፤ ክላምፕ ያለው ሰው ደግሞ ጉልበቱ የቻለውን ያህል ያጥብቀው፤ ለኩርባ የትኛውም ጣውላ ውሃ ውስጥ ካደረ ይታጠፋል፤ ጎንና ጎኑ በሽቦ ከተወጠረ ፎርሙ አይከፈትም፤ ፎርሙ ከኮንክሪቱ እንዲላቀቅ የተቃጠለ ዘይት ይበቃል፤ ፎርሙ በማግስቱ ጠዋት ሙሉ በሙሉ ይፈታ።

ሥራውን የማያውቁ ሰው እንዳልሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ አብዛኛው ምክራቸው ለአንድ ዓይነት ሥራ ልክ ሆኖ ሳለ ለሁሉም እንደሚሆን ተደርጎ ቀርቧል።

ከሚስማሩ እንጀምር። ይበቃል ወይም አይበቃም ከማለት በፊት ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደሚገፋ ማስላት ይቀድማል። እርጥብ ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ገና ፈሳሽ ሳለ ጎኑን የሚገፋው እንደ ውሃ ነው፤ ላይኛው ጠርዝ ላይ ምንም፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየበረታ። ሲሰላ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስላብ እያንዳንዱን አንድ ሜትር የፎርም ጎን በ12 ኪሎ ያህል ይገፋል። ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሲሆን 27 ኪሎ፣ 20 ሲሆን 48፣ 30 ሲሆን 108 ኪሎ ይደርሳል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ8 እና በ10 ሴንቲ ስላብ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ 12 ኪሎ ለመያዝ ብሎ ክላምፕ የሚገዛ የለም። ያው አናጺ በዚያው ልማዱ 30 ሴንቲ ከፍታ ያለው የደረጃ ጫፍ ሲሞላ ግን ዘጠኝ እጥፍ ግፊት ይመጣበታል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው የግፊቱን ቦታ ነው። ኃይሉ ሁሉ ተጠቃሎ የሚያርፈው ከታች ተለክቶ የቁመቱ ሲሶ ላይ ነው፤ በ10 ሴንቲ ስላብ ከመሬት 3 ሴንቲ ከፍ ብሎ ማለት ነው። ፎርም የሚከፈተው ከእግሩ የሆነውም ለዚህ ነው። ሚስማሩም፣ ክላምፑም፣ ደጋፊ እንጨቱም ላይኛው ጠርዝ ላይ ከተሰበሰቡ ጣውላው አናቱ ተይዞ እግሩ ይሸሻል። ላዩ ላይ የተወጠረው ሲባጎ ቀጥ ብሎ ስለሚታይ ማንም አያስተውለውም። ሲፈታ ግን የስላቡ ጠርዝ ከታች ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሰፍቶ ይገኛል፤ በተከፈተው ስንጥቅ የሲሚንቶው ወተት ስለወጣ ደግሞ ጠጠሩ ራቁቱን ቀርቶ የንብ ቀፎ ይመስላል።

ሚስማር ራሱ የሚይዘው እንደ አመታቱ ነው። ጣውላ ከጣውላ ጋር ማዕዘን ላይ ሲገጥም ሚስማሩ የሚገባው በሁለተኛው ጣውላ ጫፍ፣ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ነው፤ በዚያ አቅጣጫ የገባ ሚስማር በቀላሉ ይሳባል። ሁለት ሚስማር ወደ ውስጥ ተዛንፈው እንዲቆላለፉ መምታት፣ ከኋላ 5 በ7 ሴንቲ የሆነ የሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም እንጨት) ቁራጭ ማስደገፍም ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ ከጫፉ 5 ሴንቲ ባልሞላ ቦታ ላይ ሲመታ ይሰነጠቃል፤ የሚስማሩን ሹል ጫፍ በመዶሻ ደብደብ አድርጎ ማዶልዶም ይህን በብዙ ይቀንሰዋል። ጭንቅላቱ ደግሞ ከጣውላው ግማሽ ሴንቲ ያህል ወጣ ብሎ ይቅር። እስከ መጨረሻው የተቀበረ ሚስማር ሲነቀል የሚያርፈው ድንጋጤ በቀጥታ የሚደርሰው ገና ያልጠነከረው የኮንክሪት ጠርዝ ላይ ነው። ቅርጽ ያለው ስላብ ደግሞ ውበቱ ጠርዙ ነው።

መሬት ላይ ለሚሞላ ስላብ ሚስማርም ክላምፕም ከችካሉ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ለ10 ሴንቲ ስላብና 2.5 ሴንቲ ውፍረት ላለው ጣውላ ቀጥ ባለው ጎን በየ60 እስከ 80 ሴንቲ፣ ኩርባ ላይ በየ30 ሴንቲ አንድ ችካል ይተከላል። ቁጥር 16 ፌሮ (16 ሚሊ ውፍረት ያለው የኮንክሪት ብረት) በ60 ሴንቲ ተቆርጦ ቢመታ ከእንጨት ችካል ይሻላል፤ ቀጭን ስለሆነ አፈሩን አያላላም። ጅማ ላይ ይህ ነጥብ ይከብዳል። ዝናቡ ከመጋቢት አንስቶ እስከ መስከረምና ጥቅምት የሚዘልቅ ነው፤ በቦዬ በኩል ያለው ረግረጋማ መሬትና በየሜዳው ያለው መረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ ችካል አይዝም። እንዲህ ባለ ቦታ ችካሉ ቢያንስ 40 ሴንቲ ይግባ፤ ከኋላውም በ45 ዲግሪ የሚደግፈው ሁለተኛ እንጨት ይኑር፤ የዚህ ደጋፊ አናት የሚያርፈውም ከላይ በተጠቀሰው ምክንያት በጣውላው ታችኛ ግማሽ ላይ ይሁን። ማታ ዘንቦ ካደረ ጠዋት ከመሞላቱ በፊት እያንዳንዱን ችካል በእጅ ነቅነቅ አድርጎ ማየት ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ሁለተኛው ምክር፣ ክላምፕን እስከ አቅም ማጥበቅ፣ ከሁሉም የባሰ ነው። አንድ የኤፍ ቅርጽ ያለው ክላምፕ በእጅ ብቻ ሲጠብቅ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይጫናል። ኮንክሪቱ የሚገፋው 12 ኪሎ፣ ክላምፑ የሚጫነው ከዚያ ሃያ ሠላሳ እጥፍ፤ ትርፉ ኃይል የት ይሄዳል? ፎርሙን ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል። 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨቶች ተደራርበው የተጣበቁበት ሉህ) በሁለት ክላምፕ መሃል ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲሰረጉድ በዓይን አይታይም፤ ኮንክሪቱ ጠንክሮ የማብሰያው ምድጃ ሊገጥምበት ሲል ነው የሚታየው።

ክላምፑ የሚጠቅመው መጋጠሚያን ለመዝጋትና ጣውላን ከመደገፊያው ጋር ለማጣበቅ ነው። ይህን በደንብ የሚያውቁት ወንበርና ቁምሳጥን የሚሠሩት የከተማው የእንጨት ባለሙያዎች ናቸው፤ ሞርሳ (የእንጨት ሥራ ማጥበቂያ) ሲያጠብቁ ሙጫው ከመጋጠሚያው በቀጭን መስመር ብቅ ሲል ያቆማሉ። ለፎርምም ልኩ ይኸው ነው፤ ስንጥቁ ሲዘጋ ይብቃ፣ በክላምፑ እጀታ ላይ ቱቦ አስገብቶ ማጥበቅ አያስፈልግም። ከክላምፑ አፍና ከጣውላው መሃል 10 በ10 ሴንቲ የሆነ የእንጨት ቁራጭ ይግባ። ቫይብሬተር (ኮንክሪቱን እየነዘረ የሚጠቀጥቅ መሣሪያ) ሲነዝር ጥርሱ ስለሚላላ፣ ንዝረቱ ካለፈ በኋላ አንድ ሰው እየዞረ በሩብ ዙር ያህል ይመልሰው። ኮንክሪት የደረቀበት ክላምፕ ለእንጨት ሥራ ተመልሶ አይውልም፤ ጥርሱን ዘይት ቀብቶ በፌስታል መጠቅለል የክላምፑን ዕድሜ ያረዝማል።

ክላምፕ የሌለው ሰው ግን ወደ ሚስማር መሮጥ የለበትም። በመሃል ሽብልቅ አለ። ከጣውላው 4 ሴንቲ ርቆ ችካል ይተከልና በክፍተቱ ውስጥ ሁለት ሽብልቆች በተቃራኒ አቅጣጫ ገጥመው ይመታሉ። ርዝመታቸው 20 ሴንቲ፣ ወፍራም ጫፋቸው 3 ሴንቲ ያህል ቢሆን በንዝረት አይንሸራተቱም፤ ከዚያ የበረታ ተዳፋት ያለው ሽብልቅ ግን በየምቱ ይወጣል። ኩርባውን በሚሊ ሜትር ለማስተካከል ከማንኛውም ክላምፕ ይልቅ ይመቻል፤ ሲፈታም ሽብልቁን በመዶሻ ጀርባ መታ ማድረግ ብቻ ነው፣ ጠርዙ አይነካም። በበጋ የተቆረጠ ደረቅ ሽብልቅ በዝናብ ያብጣል፣ ከዝናብ ወራት የቀረ እርጥብ ሽብልቅ በታኅሣሥ ፀሐይ ይላላል፤ ስለዚህ ዋዜማውን የተመታ ሽብልቅ በሙላቱ ጠዋት እንደገና ይፈተሽ።

ወደ ኩርባው ስንመጣ ጽሑፉ ጣውላ ያሰብራል። 2.5 ሴንቲ ጣውላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማደሩ ብዙም አያለሰልሰውም፤ እንጨትን የሚያለሰልሰው ሙቀትና እንፋሎት ነው። ቢታጠፍ እንኳ ሲደርቅ ወደ ነበረበት ለመመለስ ችካሉን ሲገፋ ይከርማል። መታጠፍ ያለበት ቀጭን ኮምፔንሳቶ ነው፤ እሱም ልክ አለው። ላይኛው ሽፋን ላይ የሚታየው የእንጨቱ ጭረት ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲታጠፍ 6 ሚሊው እስከ 60 ሴንቲ ራዲየስ፣ 9 ሚሊው እስከ 90 ሴንቲ፣ 12 ሚሊው እስከ 1.8 ሜትር፣ 18 ሚሊው እስከ 3.6 ሜትር ይታጠፋል። ጭረቱ በርዝመቱ የሄደ ከሆነ ግን ያው 6 ሚሊ ከ1.5 ሜትር ራዲየስ በታች ይሰበራል። 1.22 በ2.44 በሆነው ሉህ ላይ ጭረቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በረጅሙ ጎን ስለሆነ፣ ለኩርባ የሚሆነው ቁራጭ በአጭሩ ጎን ተሻግሮ መቆረጥ አለበት፤ ርዝመቱም 1.22 ሜትር ብቻ ይሆናል። ሉሁን በርዝመቱ ሸንሽኖ ከዚያ ኮምፔንሳቶው መጥፎ ነው ማለት ተገቢ አይደለም።

አንድ ወፍራም ከማጠፍ ሁለት ቀጫጭን መደረብ ይበልጣል። መጀመሪያ 4 ወይም 6 ሚሊው በችካሎቹ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ሁለተኛው ከውስጥ በኩል መጋጠሚያው ከመጀመሪያው መጋጠሚያ ቢያንስ 30 ሴንቲ ርቆ ይደረባል። ክላምፕ ከሁሉ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ሁለቱ ሉሆች መሃል ክፍተት ከቀረ ኮንክሪቱ የውስጡን ሉህ ገፍቶ ይሞላዋል፣ ኩርባውም ከችካል ወደ ችካል በአጫጭር ቀጥ ያሉ መስመሮች የተሠራ ይመስላል።

ወፍራሙን ጣውላ ከጀርባው በመጋዝ እየከፋፈሉ ማጠፍም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ለየትኛው ኩርባ እንደሚሆን ግን መለየት ያሻል። ስላቡ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ የኩላሊት ቅርጽ ባለው መተላለፊያ ሆድ ላይ እንዳለው፣ የጣውላው ጀርባ በኩርባው ውስጠኛ በኩል ይውላል፤ የመጋዙ ክፍተቶች ሲታጠፍ ይዘጋሉ፣ ጣውላውም ይጠነክራል። 18 ሚሊ ጣውላ 15 ሚሊ ጥልቀት ቢቆረጥና መጋዙ 3 ሚሊ ቢበላ፣ ዘጠና ዲግሪ ለመዞር ስምንት ክፍተት ይበቃል። ቁጥሩን መጨመርና ማቀራረብ ኩርባውን ያለሰልሰዋል። ስላቡ ወደ ውጭ ሲያብጥ ግን፣ እንደ ዞረ የደረጃ ጫፍ፣ ያው ጀርባ በውጭ በኩል ስለሚውል ክፍተቶቹ ይከፈታሉ፤ የቀረችው 3 ሚሊ እንጨት ብቻዋን ተወጥራ ትቀራለች፣ ግፊቱም እሷው ላይ ነው። ክፍተቱን ወደ ኮንክሪቱ ፊት ማዞር ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ሲሚንቶው ገብቶ ይቆልፈዋል፣ ሲፈታ ጠርዙን ይዞ ይመጣል። ወደ ውጭ ለሚያብጥ ኩርባ ድርብ ቀጭን ኮምፔንሳቶ፣ ራዲየሱ ከ40 ሴንቲ ሲያንስ ደግሞ ላሜራ (ስስ የብረት ሉህ)።

ክዳን የመሰለ ሙሉ ክብ የራሱ ሕግ አለው፤ ጽሑፉ ክቡንም እንደ ሌላው ኩርባ ቆጥሮ ዙሪያውን በችካል ያጥረዋል። ሙሉ ክብ ግን ራሱን ይይዛል። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲ በሆነ ክዳን የላሜራው ቀበቶ የሚሸከመው ውጥረት 12 ኪሎ በ0.6 ሜትር ተባዝቶ 7 ኪሎ ብቻ ነው። ዙሪያው 3.77 ሜትር ስለሆነ 2 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት የላሜራ ቁራጮች በሁለቱም ጫፍ 11.5 ሴንቲ እየተደራረቡ ልክ ይመጣሉ፤ በየመደራረቢያው አንድ ክላምፕ ወይም ሁለት ብሎን ይበቃል። መደራረቢያው ላይ ክላምፑ የሚይዘው ታችኛውን ግማሽ ነው። የክቡ አደጋ መፈንዳት ሳይሆን ሞላላ መሆን ነው። ኮንክሪቱ በአንድ በኩል ተከምሮ ሲገለበጥ ቀበቶውን ይገፋውና ክቡ እንቁላል ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ክዳን ጉድጓዱ አፍ ላይ አይገጥምም። በአራት አቅጣጫ የሚያስቆሙ ችካሎች መትቶ፣ ከመሃል ጀምሮ ዙሪያውን እኩል እየሞሉ፣ ስፋቱን በሦስት አቅጣጫ በሜትር መለካት ነው። ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ካለፈ ኮንክሪቱ ሳይያዝ በፊት መመለስ ይቻላል።

ሽቦውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከ15 ሴንቲ በታች ለሆነ ስላብ ጎን ለጎን የሚወጠር ሽቦ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ለከፍተኛ ጎን ሲሆን መሃሉ በሚስማር እየተጠመዘዘ ሲጠብቅ ጣውላዎቹን ወደ ውስጥ ስለሚስባቸው፣ በልኩ የተቆረጠ የእንጨት መወጠሪያ መሃላቸው መግባትና ኮንክሪቱ እየሞላ ሲመጣ መውጣት አለበት። የተረሳ መወጠሪያ ውስጡ ይበሰብሳል። ጠርዙ ላይ የቀረው የሽቦ ጫፍ ደግሞ በጅማ ዝናብ ብዙም ሳይቆይ ቡናማ እንባ ያፈሳል፤ 2 ሴንቲ ወደ ውስጥ ፈልፍሎ ቆርጦ መድፈን ግድ ነው።

የተቃጠለው ዘይት ከመሬት በታች ለሚቀር መሠረት ቢሆን ክርክሩ ባላስነሳ። ለሚታይ ስላብ ግን ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል፣ ቀለምም ሆነ ሴራሚክ ማጣበቂያ አይይዝበትም፤ ምግብ ለሚዘጋጅበት የኩሽና መደብ ደግሞ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም። የፎርም ዘይት ከጠፋ ንጹሕ የምግብ ዘይት በጨርቅ ማሸት ይቻላል። ልኩ፣ ጣት ሲያልፍበት መስመር እንዲተው፣ ግን ቁልቁል እንዳይፈስ ነው። ፌሮው ከመግባቱ በፊት ይቀባ፤ ዘይት የነካው ፌሮ ኮንክሪቱን አይጨብጥም።

አሁን ጽሑፉ ያልጠቀሰው፣ ክላምፕ ዋጋውን የሚመልስበት ቦታ። የእቃ ማጠቢያ ገንዳ የሚገባበት የኩሽና መደብ ወይም የመፈተሻ ቀዳዳ ያለው ክዳን ሲሞላ፣ ቀዳዳውን የሚይዝ ቁራጭ መሃል ላይ ይቀመጣል። 40 በ50 ሴንቲ፣ 8 ሴንቲ ውፍረት ያለው ፎም 16 ሊትር ቦታ ይይዛል። ከሥሩ የሲሚንቶ ወተት ከገባ በ38 ኪሎ ኃይል ወደ ላይ ይገፋል፤ ፎሙ ራሱ ግን ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሁለት ሚስማርና ጥቂት ሙጫ ይህን አይዙም፤ ቫይብሬተሩ እንደተነሳ ቁራጩ እንደ ቡሽ ብቅ ይላል። መፍትሔው ሞራሌ በፎርሙ ላይ አሻግሮ ጫፍና ጫፉን ከውጭ ጎኖቹ ጋር በክላምፕ ማሰርና በሞራሌውና በቁራጩ መሃል ሽብልቅ መምታት ነው። የቁራጩ ሥር ዙሪያውን በሲሊከን ይዘጋ።

ቁራጩ የእንጨት ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። ደረቅ እንጨት ከኮንክሪቱ ውሃ ጠጥቶ በጭረቱ ተሻጋሪ ያብጣል፤ ኮንክሪቱ በበኩሉ ሲደርቅ ይሸበሸብና ቁራጩን ያንቀዋል። ሁለቱ ሲገፋፉ የሚሰነጠቀው የቀዳዳው ማዕዘን ነው። ስለዚህ እንጨቱ አስቀድሞ ቫርኒሽ ይቀባ፤ ጎኖቹ በ10 ሴንቲ ከፍታ 5 ሚሊ ያህል ወደ ታች ይጥበቡ፤ መሃሉ ላይም ለብቻዋ የምትሳብ አንዲት ቁልፍ ጣውላ ትኑረው፣ እሷ ስትወጣ ሌላው ወደ ውስጥ እንዲላላ። ማዕዘኖቹን ቢያንስ በ2 ሴንቲ ራዲየስ ማዞርና በየማዕዘኑ 60 ሴንቲ ርዝመት ያለው ቁጥር 8 ፌሮ አግድም በሰያፍ ማስቀመጥ ስንጥቁን ይገታል። ይህ የኤል ቅርጽ ያለው መደብ የውስጥ ማዕዘን ላይም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛው የኤል መደብ የሚሰነጠቀው እዚያች ነጥብ ላይ ነው።

የመጨረሻው፣ በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም መፍታት። ቁልፏ ጣውላ በዚያው ዕለት ማምሻውን፣ ኮንክሪቱ በጣት ሲጫኑት ምልክት መተው ካቆመ በኋላ ትሳባለች፤ እስከ ማግስቱ ማቆየት እሷን መሰባበር ነው። የውጭ ጎኖች በበጋና በኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ) ሲሚንቶ 24 ሰዓት ይበቃቸዋል። ጅማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ላይ ያለች፣ ሌሊቷ የሚቀዘቅዝ ከተማ ናት፤ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ሲሚንቶም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክር። በክረምት በፒፒሲ የተሞላ ኩርባ ጠርዝ 48 ሰዓት ይቆይ። አፈታቱ በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ሽብልቁ ወይም ክላምፑ ዙሪያውን እኩል በጥቂት በጥቂቱ ይላላ፣ ከዚያ ችካሉ ይነቀል፣ ከዚያ ጣውላው ከመጋጠሚያው ጀምሮ ወደ ጎን ይሳብ፤ በኮንክሪቱ ጠርዝ ላይ ብረት አስደግፎ መፈንቀል የለም። ከተፈታ በኋላ ስላቡ በእርጥብ የቡና ጆንያ ተሸፍኖ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ።

ጎኑ ተፈታ ማለት ግን ስላቡ ይነሳል ማለት አይደለም። ያ ባለ 1.2 ሜትር ክዳን 270 ኪሎ ይመዝናል። በማግስቱ ስድስት ሰው በጠርዙ ይዞ ሲያነሳው መሃሉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ይጀምራል፤ የምትታየው ጉድጓዱ ላይ ከተከደነ በኋላ ነው። ለማንሻ አራት የቁጥር 12 ፌሮ ቀለበቶች ከመሃል 40 ሴንቲ ያህል ርቀው፣ ከታችኛው ፌሮ ጋር ታስረው ከሙላቱ በፊት ይቀመጡ፤ ማንሳቱ ከ7 ቀን በፊት አይታሰብ፣ መኪና የሚያልፍበት ከሆነ ደግሞ 28 ቀን ይቆይ።